ቆመ ያልኩት አዋጅ

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ሙቀቱ ሰው ይጠብሳል። ኅዳር ላይ እንዲህ ከሆነ ግንቦትን እንጃ።

ረፋድ ላይ ጋሼ አሊዪ የውኃ ሞተራቸውን በባጃጅ ጭነው መጡ። "እንደ ሽማግሌ ያስላል እንጂ ውኃ የለም" አሉ። ስፈታው ሆዱ ሙሉ አሸዋ ነው። የሮቢ ወንዝ አሸዋ ያልጎበኘው ሞተር በዚህ አገር የለም፤ እኔንም ያኖረኝ እሱ ነው።

ማክሰኞና ሐሙስ ሱቄ ውስጥ ቴሌቪዥኑን እከፍታለሁ፤ ፓርላማው ይተላለፋል። ትርንጎ ትታይ እንደሆነ ብዬ ነው እንጂ የሚባለውን ሰምቼ አላውቅም። ሚስቴ የሕዝብ ተወካይ ሆና እዚያ ከገባች ይኸው አምስተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ ካሜራው ግን ከእሷ ይልቅ አጠገቧ ያለውን አምድ ይወዳል። ዛሬ ከአንድ ወፍራም ሰውዬ ትከሻ ጀርባ ሻሿን ያየሁ መሰለኝ።

"የወንዝ ዳርቻ ጥበቃ ረቂቅ አዋጅ" ሲሉ ግን ጋሼ አሊዪም እኔም ቀና አልን። ከወንዝ ዳር እስከ ሠላሳ ሜትር ድረስ ማረስም መትከልም ክልክል ይሆናል ነው የሚለው። ጋሼ አሊዪ "ከየትኛው ዳር?" ብለው አፈጠጡብኝ፣ ሕጉን እኔ ያወጣሁት ይመስል።

እውነታቸውን ነው። የእኛ ወንዝ ሁለት ዳር አለው። ክረምት ከአፍ እስከ አፍ ሞልቶ ይጋልባል፤ በጋ ደግሞ አሸዋው መሃል ክር ያክላል። ከበጋው ውኃ ጀምረው ከለኩ ሠላሳው ሜትር አሸዋ ላይ ያልቃል፣ ማንም አይነካም። ከክረምቱ ከለኩ ግን የሐምዲያ ማሳ እንዳለ ይሄዳል። ሐምዲያ የጋሼ አሊዪ ልጅ ናት። ባሏ ሞቶባት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያችው ወንዝ ዳር ባለች ቁራጭ መሬት ነው፤ ሌላ የላትም።

አፈ ጉባኤው መጨረሻ ላይ "ለዝርዝር እይታ ለቋሚ ኮሚቴ ተመርቷል" አሉ። እጅ ወጣ፣ እጅ ወረደ፣ አለቀ።

"ምን ማለት ነው?" አሉኝ ጋሼ አሊዪ። "አንተ የፓርላማ ባል አይደለህ?"

አላውቅም ማለት ምን ነበረበት! "ቋሚ ኮሚቴ ገባ አይደል የሚሉት? እንግዲህ ቆመ ማለት ነዋ" አልኳቸው። ደግሞ አምኜበት ነው። የገበያው ሽንት ቤት ጉዳይ ኮሚቴ ከገባ ስንት ዓመቱ? እኔ በዕድሜዬ ኮሚቴ የገባ ነገር ሲወጣ አላየሁም።

"አልሐምዱሊላህ" ብለው ሞተራቸውን እንኳ ሳይሞክሩት ይዘው ሄዱ።


ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ወሬው ቀድሞኝ ገበያ ደርሶ ጠበቀኝ። ሽንኩርት ተራ አንዱ "ቆሟል አሉ" ይላል፤ ሌላው "ማን አለ?" ይለዋል፤ "የትርንጎ ባል"። ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም። ከጎረቤት ከተማ ከጀውሃ የመጣ አንድ ሰው ጭራሽ ኮፍያውን አውልቆ "አቶ ሽፈራው" ብሎ ጨበጠኝ። በዚህ ከተማ ሽፈራው ሞተር ነው ስሜ፤ አቶ የሚባል ነገር ደርሶኝ አያውቅም። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው።

ከሰዓት ሐምዲያ ራሷ መጣች። ቁጥብ ናት፣ ደጃፉን አታልፍም። "ጋሼ ሽፈራው፣ እውነት ቆሟል?" አለችኝ።

"ቆሟል አልኩሽ እኮ።"

"እንግዲያ ሽንኩርቱን ልተወውና ማንጎ ልተክልበት። ሽንኩርትማ በየዓመቱ ወገቤን ቆረጠው። ማንጎ አንዴ ከያዘ ለልጆቼም ይተርፋል። መሬቱ ይሄዳል እያልኩ ነበር የፈራሁት።"

ትከይ አልኳት። ሌላ ምን እላታለሁ?


ኅዳር 20

ትርንጎ ደወለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የምትደውለው። ሥራ እንዴት ነው፣ ጉልበትህስ፣ በላህ ወይ ትለኛለች፤ ደህና ነኝ፣ ደህና ነው፣ በልቻለሁ እላታለሁ፤ አለቀ። ዛሬ እንደ ቀልድ "ያ የወንዙ ነገር ቆመ አይደል?" አልኳት።

"ምኑ ነው የቆመው?"

"ቋሚ ኮሚቴ ገባ ተብሎ የለ እንዴ!"

ከት ብላ ሳቀች። እንዲያ ስትስቅ ከሰማኋት ቆይቻለሁ። ወዲያው ግን ሳቋን ዋጠችው። "ሽፌ፣ ቋሚ ማለት እኮ የማይበተን፣ ሁልጊዜ ያለ ማለት ነው። ሕግ የሚሠራው እዚያ ነው! በቴሌቪዥን የምታየው እጅ ማውጣት መጨረሻው ነው። ኮሚቴው ረቂቁን አንቀጽ በአንቀጽ ያየዋል፣ ያዘጋጀውን መሥሪያ ቤት ጠርቶ ይጠይቃል፣ ሕዝብ ያወያያል፣ ከዚያ ሪፖርትና የውሳኔ ሐሳብ ይዞ ወደ ምክር ቤቱ ይመለሳል።" ቀጥላም "ለሰው ቆመ ብለሃል እንዴ?" አለችኝ።

"ኧረ ለማንም!"

ይቺን ለምን እንዳልኳት እስካሁን አልገባኝም። አፌ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም። ነገ ለጋሼ አሊዪ እነግራቸዋለሁ። ተሳስቻለሁ፣ ነገሩ ገና ነው፣ ማለት ነው። ምን አለው?

ደግሞ "ረቂቅ" ይሉታል። ረቂቅ እኔ የማውቀው ዓይን የማያየው፣ እጅ የማይዳስሰው ነው፤ መንፈስ ነው ረቂቅ። ይሄኛው ግን ሜትር ይዞ የሚመጣ ረቂቅ ነው። ግራ ገባኝ እኮ፣ ምኑን ከምን እንደማያይዘው።


ኅዳር 24

አልነገርኳቸውም። ለቅሶ ላይ ነበሩ። ለቅሶ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይወራም።


ኅዳር 29

አልነገርኳቸውም። መጥተው ነበር፣ ግን ሱቁ ሰው በሰው ነበር። ሰው ፊት ተሳስቻለሁ ቢሉ ነገሩ ይንዛዛል። ሐምዲያ ጉድጓዱን ቆፍራ ጨርሳለች አሉኝ። ችግኙን ከግብርና እንድታመጣ የረዳት የእህቴ ልጅ ፍቅሩ ነው፣ በባጃጁ። "አጎቴ ካለ አለ ነው" ብሎ ይዞራል ይሄ ቀልማዳ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚሉት እንዲህ ነው።


ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

የሞተር ቫልቭ መቀመጫ እየሞረድኩ ሳለሁ ትርንጎ ደወለች፣ በማትደውልበት ሰዓት። ጩኸት ነበር። የያዝኩትን ልጻፈው።

ታኅሣሥ 16፣ ሐሙስ፣ ይፋዊ የሕዝብ ውይይት አለ። ኮሚቴው አዲስ አበባ ላይ ረቂቁ ይመለከተኛል ያለውን ሁሉ ይሰማል። ማንም ሰው መጥቶ መናገር ይችላል። "እኔ የዚያ ኮሚቴ አባል አይደለሁም" አለች። "መናገርስ እናገራለሁ፤ ግን የእኔ ቃል የአንዲት አባል አስተያየት ነው። ጋሼ አሊዪ መጥተው 'ከክረምቱ ነው ከበጋው?' ቢሉ ቃላቸው ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል፤ ከሰፈረ ደግሞ ኮሚቴው ሳይመልስለት አያልፍም። ሐምዲያም ትምጣ። እኔ ጋ ያድራሉ። ንገራቸው፣ እሺ?"

"እሺ፣ እሺ።"

"ሰማኸኝ?"

"ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ግን ሰምቻለሁ።"

አልተቆራረጠም ነበር።


ታኅሣሥ 11

ዛሬ ቆርጬ ወንዝ ወረድኩ። ልነግራት። ሐምዲያ ማንጎዎቹን በሰልፍ ተክላቸዋለች፤ ገና ጉልበቷ አይደርሱም። ለየአንዳንዳቸው የማሽላ አገዳ ጥላ አቁማላቸዋለች፣ ፀሐይ እንዳይመታቸው። ትንሿ ልጇ ለእያንዳንዱ ስም አውጥታለታለች። "ይሄኛው የእርስዎ ነው፣ ጋሼ ሽፈራው ነው ስሙ" አለችኝ። ሐምዲያ አፏን በሻሿ ሸፍና ሳቀች።

ፓፓያ አሸክማኝ ተመለስኩ።

ምን ልል ነበር? "ይሄን ሁሉ ንቀይው" ልበላት? ደግሞ ውይይት ሄዱ አልሄዱ አዲስ አበባ ያለ ሰው የእኛን ወንዝ ምን ቸገረው? ትርንጎም እዚያው ናት፣ አፍ አላት፣ ትናገርላቸው። ለዚሁ አይደል የተመረጠችው? ዝም አይነቅዝም ይላሉ።

ፓፓያው ጣፋጭ ነው። ግማሹን ለጎረቤት ሰጠሁት።


ታኅሣሥ 16

በዜና አሳዩት፣ ላንዳፍታ። ረጅም ጠረጴዛ፣ የታሸገ ውኃ፣ ከረባት ያሰሩ ሰዎች። ከሌላ አገር የመጡ ገበሬዎች ተናገሩ፣ ደርበብ ያሉ ሰዎች ናቸው። ከኋላ ባዶ ወንበር ነበር።

ማታ ትርንጎ ደወለች። "በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ምነው?"

"ኔትወርኩ ነው።"

"ምኑ ነው ኔትወርኩ?"

አምስት ዓመት ስልክ ላይ እንዲህ ረጅም ዝም ተባብለን አናውቅም።


ታኅሣሥ 29፣ ገና

መጥታለች። ዶሮውን እኔ ነኝ የገነጠልኩት፤ አሥራ ሁለት ቦታ መሆን ያለበትን ስንት እንዳደረግሁት አልናገርም። "ይሄ የቱ ብልት ነው?" እያለች ታነሳለች፣ እኔም "ረቂቅ ነው" እላታለሁ። ሳቅን።

ምሳው ገና ሳይነሳ የረቂቅ አዋጁን ጥራዝ አውጥታ ጭኗ ላይ ዘረጋችው። ጠየቅኋት። አንደኛ ንባብ፣ ሁለተኛ ንባብ የሚሉት ምንድን ነው? ሰዎቹ አንዴ ሲያነቡት አይገባቸውም? "ይገባቸዋል" አለች እየሳቀች፣ "መጀመሪያ ሐሳቡን ነው የምናየው፣ ይህ ሕግ ያስፈልጋል ወይ ብለን። ኮሚቴ ደርሶ ሲመለስ ደግሞ ቃል በቃል ነው።" ካለፈስ በኋላ? በነጋሪት ጋዜጣ ይወጣል። ከዚያስ? ዝርዝሩን ሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በሚባል ሌላ ሕግ ያወጣዋል። ሕግ የሚያልቅበት ቦታ የለውም ለካ። አንዱን ፈትተህ ስትገጥም ሌላ ብሎን እጅህ ላይ ይቀራል።

እየመለሰችልኝ ድንገት ቆም አለች። "ሽፌ፣ ስለ ሥራዬ ስትጠይቀኝ የመጀመሪያህ መሆኑን ታውቃለህ?"

"ኧረ እጠይቃለሁ!"

"በላሽ ወይ ትለኛለህ።"

ሞተር ማንኳኳት ሲጀምር የሚሰማኝ ዓይነት ነገር ደረቴ ውስጥ ተሰማኝ። ደግነቱ ነገሩን አለፈችው። ሌላ አመጣች እንጂ፦ "ጋሼ አሊዪ ለምን ይሆን የቀሩት? ነግረሃቸው ነበር አይደል?"

"እንጃ፣ ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል።"

አልኩ። ጋሼ አሊዪ ላይ አላከክኩት፣ በእኚያ ሽማግሌ ላይ፣ በበዓል ቀን፣ የዶሮ እግር በእጄ ይዤ። እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

"እንግዲህ እነሱ ካልፈለጉት እኔ ምን ላድርግ" አለችና ጥራዙን አጠፈችው። ነገ ትሄዳለች።


ጥር 19፣ ማክሰኞ

ጽሑፉ ባያምርም ልጻፈው።

ጋሼ አሊዪ ሱቁ ውስጥ ነበሩ። የኮሚቴው ሪፖርት ተነበበ። ከዚያ አፈ ጉባኤው "የተከበሩ ወይዘሮ ትርንጎ" አሉ። ካሜራው ዞረ። አየኋት፣ በሙሉ፣ ያለ አምድ። ያን ውኃ ሰማያዊ ሻሿን አድርጋለች። ማይኩ ላይ ቀይ መብራት በራ።

"ከወንዝ ዳር ሲባል ከክረምቱ ነው ከበጋው?" አለች። "እኔ በመጣሁበት አካባቢ ወንዙ ሁለት ዳር አለው። መልሱ የአንድ ቤተሰብ መሬት ይበላል ወይም ያተርፋል።"

ጋሼ አሊዪ ጭናቸውን በጥፊ መቱት። "ወላሂ ልጅ ናት!" አሉ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ መለሱ። ጥያቄው ጥሩ ነው አሉ። ሆኖም በይፋዊ ውይይቱ ላይ ከተባለው አካባቢ የቀረበ አንድም ሰው፣ የደረሰም ቅሬታ የለም። ስለዚህ ኮሚቴው ትርጉሙ ወደፊት በሚወጣ ደንብ ቢወሰን ይበቃል ብሎ አልፎታል።

አንድም ሰው የለም። ጆሮዬ ሥር ነው የተናገሩት።

ድምፅ ተሰጠ። የሚደግፍ ሲባል አዳራሹ ሁሉ እጅ ሆነ። የሷ የለም። የሚቃወም ሲባል ሦስት እጅ። የሷ የለም። ድምፀ ተአቅቦ ሲባል አንዲት እጅ ብቻዋን ወጣች፣ ቀለበቷን ሳይቀር አየሁት። አዋጁ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ።

"ምንድን ነው ያደረገችው?" አሉ ጋሼ አሊዪ።

"ድምፀ ተአቅቦ።"

"ድምፁን አቀበለች? ለማን?"

"አቀበለች አይደለም ጋሼ፤ ተአቅቦ ነው። አልደግፍም አልቃወምም ማለት ነው።"

"እሱማ ማቀበል ነው" አሉ። ትንሽ አሰቡና "ይኸውልህ፣ ይሄ ነገር ቆሟል አላልከኝም ነበር?" አሉኝ።

"ቆሞ ነበር" አልኳቸው። "ተራመደ።"

አዩኝ። ወጥተው ሄዱ፣ ደህና ዋል እንኳ ሳይሉኝ።

ማታ እኔው ደወልኩላት፣ እንደ እብድ ጮህኩባት። መሃል ሰፋሪ አልኳት። ወይ ደግፈሽ አርፈሽ አትቀመጪ፣ ወይ ተቃውመሽ ስምሽ ይጠራ! እሷ አልጮኸችም። "ልደግፍ ብል ሐምዲያ አለች። ልቃወም ብል 'ማን ነገረሽ?' ሲሉኝ በእጄ የአንድ ሰው ቃል የለም። የወከልኳቸው ሰዎች ምን እንደሚሉ ሳላውቅ ምን ይዤ ልቁም ሽፈራው?" አለችኝ።

ሽፌ አላለችኝም።


ጥር 25

በፍቅሩ ባጃጅ ከኋላ ተቀምጬ ነው፣ ማን መሆኔን ያላወቁ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

"ድምፃችንን ለነዚያ አቀበለችው አሉ።"

"ትርንጎ? ያቺ ደህና ልጅ?"

"ወንበር ያልቀየረው ማን አለ እህቴ።"

ፍቅሩ በመስተዋቱ አየኝ። ትናገራለህ ብሎ ነው። መንገድ መንገዱን አየሁ። የጋሼ አሊዪ ቃል እንዴት በስድስት ቀን ከተማውን ዞረ? እሳቸው ሲያወሩት ተሰምቶ ይሆናል እንጂ ለክፋት አይደለም። የእኔም "ቆመ" እንዲሁ ነው የዞረው፤ ግን ለዚያ ማንም እኔን አያማኝም። ሰው ሁሉ እሷን ነው።

ዝም አይነቅዝም የሚለው ሰው ዝምታን ጎተራ ከቶ አላየም። ይነቅዛል።


የካቲት 7፣ ቅዳሜ

ፓርላማው ለእረፍት ተዘግቷል፤ አባላቱ መራጮቻቸውን የሚያወያዩበት ወር ነው። ዛሬ የእኛ ተራ ነበር፣ በከተማው አዳራሽ። እኔ ከኋላ፣ በር ሥር ተቀመጥኩ። ሙቀት፣ ሰው፣ የሚንቋቋ ማራገቢያ።

ሐምዲያ ከሴቶቹ መሃል ተነሳች። ሰው ፊት ስትናገር አይቻት አላውቅም። "ማንጎ ተክያለሁ" አለች። "ሕጉ ቆሟል ተብዬ ነው። ማንጎ ተነቅሎ አይተከልም። አሁን እኔ ምን ልሁን?"

አዳራሹ ተንጫጫ። "እውነቷን ነው! ሁላችንም ቆሟል ተብለን ነው የተዘናጋነው! አዲስ አበባ ኑ ቢባልማ ማን ይቀር ነበር?"

አወያዩ ጠረጴዛውን መታ። "ቆሟል ያለው ማን ነው?" ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ሚስቴ ፊት ግን ስሜን የጠራ የለም።

ጋሼ አሊዪ ሁለት ወንበር ከፊቴ ናቸው። ማራገቢያውን ያያሉ። ትርንጎ ግን እኔን አየችኝ። ከመድረክ እስከ በሩ፣ በሰው ራስ ሁሉ ላይ አልፋ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ሲገባት አየሁ፦ ኔትወርኩ፣ ሥራ የበዛባቸው ሽማግሌ፣ ሁሉም።

አሁን ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አለች። "መልእክቱ መድረሱን ማረጋገጥ ነበረብኝ።"

እጄ ጭኔ ላይ ነበር። አነሳዋለሁ እያልኩ ነበር፣ እግዜር ያውቃል። አልተነሳም። አልደገፍኩ፣ አልተቃወምኩ።

ከዚያ ወዲያ እሷን ማን ይስማት! አንዷ አሮጊት "ድምፃችንን መልሺ!" አሉ፤ ተጨበጨበ። አዋጁ ቢጸድቅም "ዳር" ማለት የቱ እንደሆነ የሚወስነው ደንብ ገና አልወጣም፣ ደንቡን የሚያረቁት ባለሙያዎች ነገ ጀውሃ መጥተው የሰው ቃል ይይዛሉ፣ የቀረን በር ይኼ ብቻ ነው፣ እያለች ለመነቻቸው። "ደግሞ ለማን ልታቀብይው?" አላት አንዱ። ሳቁ። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" እያሉ ወጡ። ነገ ጀውሃ የሚሄድ ሰው አይኖርም። ካልሄዱ ደግሞ ባለሙያዎቹም "አንድም ሰው የለም" ይላሉ፣ ለሁለተኛ ጊዜ።

ቤት ስንገባ ራት አቀረበች። "በላህ ወይ?" አለችኝ። ይቺን ብቻ።


የካቲት 8፣ እሑድ፣ ቅበላ

ነገ ጾም ይገባል። ከተማው በጠዋት ሥጋ ሥጋ ይሸታል። ትርንጎ በማለዳ ወደ ጀውሃ ሄዳለች፤ ልሸኝሽ አላልኳትም።

ጋሼ አሊዪ መጡ። ሞተር አልያዙም። ወንበር ሰጠኋቸው፣ አልተቀመጡም።

"ድምፅህን ለማን አቀበልከው?" አሉኝ።

ምን እንደሚሉ ወዲያው ነው የገባኝ። ከኅዳር ወዲህ ግራ ሳይገባኝ የቀረ ይሄ ብቻ ነው።

"ለትርንጎ" አልኳቸው። "ለሚስቴ። ጥፋቴን እሷ ተሸከመችው።"

"በል እንግዲያ ሂድና ተቀበላት። ይከብዳታል።"

"ጋሼ፣ እርስዎ ትላንት ለምን ዝም አሉ? ያውቁ የለም?"

"እኔ ብናገር አንተን ማዋረድ ነው። አንተ ብትናገር ግን መናገር ነው።" ምርኩዛቸውን አነሱ። "ተነስ። ቀኑ ይሄዳል።"

ፍቅሩን ጠርተን ወንዝ ወረድን። ሐምዲያ በጆግ ማንጎዎቹን እያጠጣች ነበር። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ ጠፋኝ። "ሐምዲያ፣ አልቆመም ነበር። እኔ ነኝ ሳላውቅ ያልኩት። ካወቅሁም በኋላ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ትርንጎ ደውላ ነበር፣ ኑ ብላ ነበር፣ አልነገርኳችሁም" አልኳት።

ጆጉን አላስቀመጠችም። የያዘችውን ችግኝ አጠጥታ ጨረሰች፣ ወደሚቀጥለውም ሄደች። በስሜ የተጠራው እሱ ነው። ዘልላው ታልፋለች ብዬ ነበር። አጠጣችው።

"እነሱስ ቆመዋል" አለች ማንጎዎቹን እያየች። ድምፅዋ ሻካራ ነበር። "እርስዎን አዑዙ ቢላህ፣ አላህ ይጠብቀኝ ልበል ምን ልበል አላውቅም።" ከዚያ ወደ ጎረቤት ማሳ ዞራ ጮክ ብላ ተጣራች፦ "አብዱረዛቅ! ያን ሁሉ ሰው ጥራ! ጀውሃ እንሄዳለን! ጋሼ ሽፈራው የሚሉት አላቸው!"

በባጃጅም፣ በአይሱዙም፣ የተገኘነውን ያህል ሆነን ደረስን።


በዚያው ቀን፣ ከተመለስኩ በኋላ

ከአዳራሹ ቀጥሎ ጥብስ ቤት አለ፣ ሰው ሁሉ ቅበላ እየተቀበለ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ግን ከባለሙያዎቹና ከትርንጎ በቀር ማንም አልነበረም፣ እኛ እስክንገባ። ወንበር ሲንኳኳ ቀና አለች። ሐምዲያን አየች፣ ጋሼ አሊዪን አየች። ከዚያ እኔን።

እጄን አነሳሁ። ከበደኝ፣ ሞተር የተሸከመ እጅ ያን ያህል አይከብድም።

"ከኋላ ያሉት፣ ይቀጥሉ" አለች። በአንቱታ። "ስምዎንና የሚወክሉትን ይግለጹ።"

"ሽፈራው እባላለሁ። ሞተር ጠጋኝ ነኝ፣ ከሸዋ ሮቢት። ማንንም አልወክልም።" ወደ ሐምዲያና ወደ ጋሼ አሊዪ ዞርኩ። "ቆመ ያልኩት እኔ ነኝ። መልእክቱን ከእሷ ተቀብዬ ለሰው ያላቀበልኩት እኔ ነኝ። እሷ ድምፃችሁን ለማንም አልሰጠችም፤ የእናንተ ቃል እንዳይደርሳት ያስቀረሁባት እኔ ነኝ። ይሄ ይጻፍልኝ።"

ባለሙያዎቹ ተያዩ፣ ይሄ ከወንዝ ዳር ጋር ምን አገናኘው ብለው ይሆናል። ትርንጎ ስትጽፍ ቆየች። እንዲያ ረጅም ነገር አልተናገርኩም።

"ቃልዎ ተይዟል" አለች። ቀና አላለችም፣ ግን ከቃሌ ሥር በእስክሪብቶዋ ሁለቴ አሰመረችበት።

ቀጥሎ ሐምዲያ ቆመች።